ቅዳሜ ጠዋት ከፍራንክፈርት ተነሥተው ሮም ለሰርግ ይደርሱ እንደሆነ ለጠየቁት እህት

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሮም ለሚሆነው የእህትዎ ሰርግ በዚያው ዕለት ጠዋት ቢነሡ ይደርሱ እንደሆነ፣ ርቀቱና የበረራው ጊዜም ስንት እንደሆነ ጠይቀዋል። በአየር 960 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ጊዜም 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አካባቢ ነው። እኔ ልጽፍልዎት የተነሣሁት ግን ቲኬቱ ላይ ስለማይጻፈው ጊዜ ነው።

አንደኛ፣ «ፍራንክፈርት» የሚለውን ስም ብቻ አይተው አይግዙ። ዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ከመሐል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በከተማ ባቡር ቶሎ ይደረሳል። ሃን የሚባለው ግን ቀድሞ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር የነበረ፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ገጠር ውስጥ ያለ ማረፊያ ነው፤ እዚያ ለመድረስ አውቶቡስ ላይ የሚቀመጡት ጊዜ ሮም ድረስ ከሚበሩት ብዙም አያንስም። ሮም ሲደርሱ ፊውሚቺኖ ካረፉ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ የከተማው ዋና ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ያደርስዎታል፤ ሌላው ማረፊያ ቻምፒኖ ለከተማው ቢቀርብም አውቶቡስ መያዝ ግድ ነው።

ሁለተኛ፣ እንደ እኛ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ይዘው ስለሚጓዙ፣ ለሰነድ ምርመራ የሚሆን ሰፊ ጊዜ ይያዙ። እኔና ባለቤቴ ለአጎቴ ልጅ ሰርግ ከሃን ልንነሣ በጊዜ ደርሰን ስንቆም፣ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ካርዳችንን እያገላበጠ «የጣሊያን ቪዛችሁ የታለ?» አለን። የጸና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በፓስፖርቱ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ጣሊያን መቆየት እንደሚችል በትሕትና ባስረዳውም ከዳር አቁሞን ከኋላችን የነበሩትን ማስተናገድ ቀጠለ። አለቃው መጥቶ ሰነዱ ትክክል መሆኑን ሲያረጋግጥ መሳፈሪያው በር ተዘግቶ ነበር፤ ይቅርታ ያለን ሰው ግን አልነበረም። ባለቤቴ ሙሽራዋ ለመልስ የምትለብሰውን የሐበሻ ቀሚስ እንዳቀፈች በዚያው አውቶቡስ ተመለስን። ሰርጉ አመለጠን፤ በማግሥቱ ከዋናው ማረፊያ በውድ ቲኬት በርረን ለመልሱ ደረስን።

ነገሩን ግን እንዲሁ አልተውኩትም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261 ሰነዱ የተሟላ መንገደኛን ያለ ፈቃዱ ያስቀረ አየር መንገድ ካሳ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ የካሳውም መጠን የሚለካው በርቀት ነው፤ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ድረስ ለአንድ ሰው 250 ዩሮ። የመጀመሪያው መልሳቸው እምቢታ ነበር፤ እኔም በጀርመንኛ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ እየጻፍኩ የሁለታችንንም አስከፈልኩ።

ስለዚህ እህቴ፣ ከቻሉ ዓርብ ማታ ከዋናው ማረፊያ ይነሡ፤ ካልቻሉ የቅዳሜን የመጀመሪያ በረራ ይያዙ፣ ከቤትዎ እስከ አዳራሹም ስድስት ሰዓት ይቁጠሩ። የመኖሪያ ፈቃድዎ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ ይመልከቱ። ቢያስቀሩዎትም ምክንያቱን በጽሑፍ ሳይቀበሉ ከጠረጴዛው አይራቁ።