ከሻዩ በፊት ስንት ሰዓት እንደምትተኚ ንገሪን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ፣ ምሳና ስኳር ትቻለሁ፣ ኪሎዬ ግን ይጨምራል፤ የሚያከሳ ሻይ የምታውቁ» ነው ያልሽው። እኔም ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ በፈረቃ የምሠራ ሰው ነኝ። ያንቺ ጉዳይ የእኔው ነው።

1. ሻዩን ተዪው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው። ያስቀምጥሻል እንጂ አያከሳሽም። የወጣው ውሃ ስትጠጪ ይመለሳል።

2. ስለ እንቅልፍሽ አንድም ቃል አልጻፍሽም። እኔ ልገምትልሽ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ፣ ሰርቪሱ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አንገትሽ እየተሰበረ ታንቀላፊያለሽ። ቤት ስትደርሺ ጎረቤት ቡና ትጠራለች። አቦል ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፣ በረካን ትጠብቂያለሽ። የቡናው ካፌይን፣ ማለትም እንቅልፍ የሚነሳው ነገር፣ ከተጠጣ ከ5 ሰዓት በኋላ እንኳ ግማሹ ገደማ ሰውነት ውስጥ አለ። ከዚያ አልጋ ላይ መገላበጥ ነው። ለአዋቂ ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልጋል ይላሉ ባለሙያዎቹ። አንቺ 4 ካገኘሽ ተመስገን ነው።

3. ምሳ መተውሽን አቁሚ። በፈረንጆቹ 2010 የወጣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። 10 ወፈር ያሉ ሰዎች ምግብ ቀንሰው 14 ቀን 8 ሰዓት ተኩል፣ ሌላ 14 ቀን ደግሞ 5 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። የቀነሱት ኪሎ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ምን እንደቀነሱ ነው። በደንብ ሲተኙ 1.4 ኪሎ ስብ ወረደላቸው፣ እንቅልፍ ሲያጡ 0.6 ብቻ። የቀረው ከሥጋቸው ነው የሄደው። እየተራብሽ ጡንቻሽን ነው የምትጨርሺው ማለት ነው።

ደግሞም ሆዳም ስለሆንሽ አይደለም። እንቅልፍ ሲጎድል ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል፣ ጠገብኩ የሚያሰኘው ሌፕቲን ደግሞ ሊቀንስ ይችላል። እኔ ቀን ሽሮ አስጠልቶኝ ውዬ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እረፍት ላይ ያ በዘይት የራሰ ወረቀት ሲፈታ ፓስቲውን ሳላኝክ ነበር የምውጠው። በላዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ።

4. ቢሮው። እዚህ ላይ ሆዴ ይቃጠላል። የእኛ የፈረቃ ድልድል ከሌሊት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ጠዋት እየተንሸራተተ ነው የሚዞረው። ለሰውነት ተቃራኒው ይቀላል፦ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ከዚያ ሌሊት። ይህንኑ በማመልከቻ ጽፌ ገባሁ። ድልድል የሚያወጣው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አንተ ለመተኛት ነው የተቀጠርከው?» አለኝ። ሰው ፊት! ወረቀቱን ወደ እኔ በጣቱ ገፋው። በሌላ ቀን ስመለስ ደግሞ የሐኪም ወረቀት አምጣ፣ ሳመጣ ማኅተሙ አይነበብም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ቢሮውን ትቼ ሰው ፈለግኩ። ቀን የሚማር ልጅ አገኘሁ፣ ሌሊቱን እሱ ይፈልገዋል። ሁለታችንም ፈርመን፣ መጀመሪያ የክፍል አለቃችንን አስፈርመን ገባን። ሰውዬው የሚለው ጠፋው። አንቺም መጀመሪያ ተቀያያሪሽን ያዢ፣ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ።

ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ላይ ወፍራም ጋቢ ሰቅዬ፣ ስልኬን ሳሎን ትቼ ነው የምተኛው። ኪሎው ወዲያው አልወረደም፣ አልዋሽሽም። ቀድሞ የጠፋው የፓስቲው አምሮት ነው። ቀበቶዬ ግን ዛሬ አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል፣ ወደ ውስጥ! በ2022 በወጣ ሌላ ጥናት፣ ትንሽ የሚተኙ 80 ወፍራም ሰዎች እንቅልፋቸውን በአንድ ሰዓት ከምናምን ሲያስረዝሙ፣ ማንም አትብሉ ሳይላቸው በቀን 270 ካሎሪ ገደማ ቀንሰዋል።

5. ባልሽን ጠይቂው፣ ታንኮራፊያለሽ ወይ? ትንፋሽሽ ቆም ብሎ እንደታፈነ ሰው ትባንኛለሽ ካለሽ ፈረቃ መቀየር ብቻውን አይበቃም፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስለ እንቅልፍሽ ሳይጠይቅሽ «እህል ቀንሺ» ብሎ ሊሸኝሽ ከሆነ፣ ካርዱን ሳይዘጋው ራስሽ ንገሪው።