አባትሽ የተዉልሽን ሲምባል በኪሎ አትሽጪ

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ አባቷ በደርግ ዘመን በኪነት ቡድን ውስጥ ድራም ይመቱ እንደነበርና ካረፉ በኋላ አራት ሲምባሎች (ከድራም ጋር የሚመቱ ክብ የብረት ሳህኖች) በጆንያ ተጠቅልለው እንደተገኙ ጽፋልኛለች። ሁለቱ ባለ 14 ኢንች የሃይ ሃት (በእግር እየተከፈቱ የሚጋጠሙ) ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ባለ 20 ኢንች ራይድ (ምቱን ይዞ የሚሄደው ትልቁ)፣ ሌላው ባለ 16 ኢንች ቢጫ ክራሽ (ለድንገተኛ ከፍተኛ ምት የሚሆነው) ነው። አንድ ብረታ ብረት ገዢ ሁሉንም በኪሎ ልውሰድ ብሏታል። እሷ ደግሞ ዕድሜያቸውንና እውነተኛ ዋጋቸውን ማወቅ ትፈልጋለች። ከመሸጧ በፊት በሎሚና በአመድ ልትፈትጋቸው፣ ወንድሟም የራይዱን ጠርዝ ስንጥቅ ሊያስበይድ አስበዋል።

እህቴ፣ አብሽሪ፤ እስካሁን የጠፋ ነገር የለም። ሎሚውንም ብየዳውንም ግን ዛሬውኑ ተዉት።

በድሮ ሲምባል ላይ የምታዪው ጠቆር ያለ ሽፋን ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። መዳቡ ከአየርና ከእርጥበት ጋር በብዙ ዓመታት የፈጠረው ነው። ብዙ ድራም መቺዎች ድምፁን ያለዝበዋል ብለው ይወዱታል፤ ዐዋቂ ገዢም ዕቃው ያልተነካካ መሆኑን የሚለየው በእሱ ነው። ከዚያ የሚብሰው ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ ሎሚና አመድ ቀድመው የሚያጠፉት በቀለም የተጻፈውን ስም ነው፣ እሱ ከጠፋ ዕድሜውን የምንገምትበት አንዱ ትልቅ ማስረጃ ሄደ ማለት ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃሉ። ቀለም ያለበትን ቦታ አትሺው።

ብየዳው ደግሞ ይገድለዋል። ጥሩ ሲምባል በአብዛኛው 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቲን የተቀላቀለበት ነሐስ ነው። ይህ ድብልቅ በተፈጥሮው ተሰባሪ ነው። ፋብሪካው እስኪቀላ አግሎ ወዲያው ውሃ ውስጥ ስለሚነክረው ነው ለመዶሻ የሚታዘዘው። የብየዳ እሳት አንዱን ቦታ አግሎት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ያ ቦታ እንደ መስታወት ይሆናል፤ ስንጥቁም ከብየዳው አጠገብ ተነሥቶ ይቀጥላል። እኛ የምናደርገው ስንጥቁ የቆመበትን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ፈልገን ስንጥቁ እንዳይቀጥል እዚያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ነው። ለሽያጭ ከሆነ ግን እሱም ይቅር፤ ገዢው ጉዳቱን እንዳለ አይቶ ይወስን።

አሁን ወደ ዕድሜው። የራይዱን ማህተም፣ ማለትም ብረቱ ላይ ተጨፍልቆ የገባውን የፋብሪካ ምልክት፣ በላክሽልኝ ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ። የዐረብኛ ፊደል የሚመስለውን ጽሕፈት የሚያይ ሰው ሁሉ «የቱርክ ነው» ይላል፤ ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሲምባል ሠሪው የዚልጂያን ቤተሰብ ሥራውን በ1623 በቁስጥንጥንያ (በዛሬዋ ኢስታንቡል) ጀመረ፤ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1929 ደግሞ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፋብሪካ ከፈተ፤ በዐረብኛ ፊደል የሚጻፈውን የድሮውን የኦቶማን ቱርክ ጽሕፈትም በማህተሙ ላይ ይዞ ቀጠለ። በአንቺው ራይድ ላይ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «አሜሪካ የተሠራ» የሚል ስላለ አሜሪካዊ ነው። ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚከፍሉበት ኢስታንቡል ውስጥ እስከ 1970ዎቹ የተሠራው «ኬ ዚልጂያን» ነው፤ ማህተሙ ላይ የከተማዋ ስም ይገኛል። «ኮንስታንቲኖፕል» (ቁስጥንጥንያ) የሚለውን ቃል በቀለም ተጽፎ ካየሽ ግን አትጓጊ፤ ያ ፋብሪካው በኋላ ላይ አሜሪካ ውስጥ ላመረተው ሞዴል የሰጠው ስም ነው።

ቀጥሎ ገልብጠሽ ታችውን እዪ። ዚልጂያን ስሙን በትልልቅ የቀለም ፊደላት መጻፍ የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የሃይ ሃቶችሽ ፊደላት መስመራቸው ብቻ ተሥሎ ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ይህ የ1970ዎቹ መጨረሻና የ1980ዎቹ መጀመሪያ ምልክት ነው። ራይዱ ላይ የቀለም ርዝራዥ እንኳ አይታይም። ቀለሙ በመፈተግ ጠፍቶ ካልሆነ በስተቀር ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ዐሥር ዓመቱን ለይቼ እንድነግርሽ የማህተሙን ርዝመት በማስመሪያ ለኪልኝ፤ ከጎን በሚመጣ ብርሃንም በቅርብ ፎቶ አንሺው። ፎቶው ካልጠራ ስስ ወረቀት አስደግፈሽ በእርሳስ በቀስታ አጥቁሪበት፤ ማህተሙ ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ወሎ የኪነት አገር ነው፤ የቡድኖቹ ዕቃም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ስለዚህ አራቱ በአንድ ጆንያ ስለተገኙ በአንድ ዘመን ተገዙ ማለት አይደለም። የሚነገረውን ታሪክ ሳይሆን ብረቱን ማመን ያስፈልጋል። «የንጉሡ ዘመን ነው» ተብሎ ሳቢያን የሚል የሌላ ሲምባል ፋብሪካ ስም ያለበት ቢመጣልሽ፣ ሳቢያን የተቋቋመው በ1981 ስለሆነ ወሬው ስሕተት ነው። በሌዘር የተቀረጸ ተከታታይ ቁጥር ያለበት ዚልጂያን ደግሞ ከ1994 ወዲህ የተሠራ ነው።

ቢጫው ክራሽ ማህተም የለውም፤ ከመሃሉ እስከ ጠርዙም ውፍረቱ አንድ ነው። መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት ተራ ዕቃ ይመስለኛል። ለልጆች መለማመጃ ይሁን።

ዋጋን በተመለከተ፣ ዕድሜ ብቻውን ገንዘብ አይሆንም፤ የሚከፈለው ለጤንነቱና ለድምፁ ነው። ራይዱን በሱቅ ሚዛን በግራም አስመዝኚው። ባለ 20 ኢንች ሆኖ 2,000 ግራም አካባቢ ከሆነ ቀለል ያለ ነው፤ የጃዝ ተጫዋቾች ይፈልጉታል። ከ2,600 ካለፈ ከባድ ስለሆነ ፈላጊው ያንሳል። ከዚያ ጠርዙን ዙሪያውን በጥጥ ጥረጊው፤ ጥጡ የያዘበት ቦታ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። የመሃሉ ቀዳዳ ክብነቱን አጥቶ ወደ አንድ ጎን መቦርቦሩንም እዪ፤ ያ ከተራ ጭረት በላይ ዋጋ ይቀንሳል።

እውነቱን ልንገርሽ፤ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ አሜሪካዊ ዚልጂያን በብዛት ስለተመረተ ጤነኛው እንኳ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ባነሰ ዋጋ ነው የሚሸጠው። የጠርዝ ስንጥቅ ያለበት ደግሞ ከዚያም በጣም ይወርዳል። ቢሆንም በኪሎ ከሚሰጥሽ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በኢንተርኔት ዋጋ ስትፈልጊ ሻጮች የጠየቁትን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ተመልከቺ፤ መጠኑም፣ ክብደቱም፣ ጉዳቱም ከአንቺው ጋር የሚመሳሰል መሆን አለበት።

ከአራቱ የተሻለ ዋጋ ያወጣሉ ብዬ የምጠብቀው ሃይ ሃቶቹን ነው፤ እነሱንም የምጠብቀው አብረው ከተሸጡ ነው። የታችኛው ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ይከብዳል፤ ገዢ የክብደት ልዩነቱን አይቶ «የተለያዩ ናቸው» ቢልሽ አትለያዪአቸው። በደሴና በኮምቦልቻ ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ አዲስ አበባ ላሉ የባንድ ተጫዋቾች የድምፃቸውን ቅጂ፣ የማህተሙን ፎቶና ክብደቱን አድርገሽ ላኪ፤ ስንጥቁንም ደብቀሽ ሳይሆን አሳይተሽ። የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ የምትመጪ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዳቸውን በጨርቅ ለይተሽ፣ በጠርዛቸው ሳታቆሚ አጋድመሽ አምጫቸው፤ ያለ ክፍያ አይቼ ግምቴን እጽፍልሻለሁ።