ስለ ኩላሊቱ ብቻ አትጠይቁት

ከኮምቦልቻ አንዲት ወጣት ጠየቀችኝ። ጓደኛዋ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን እየጻፈች ነው፤ መንፈሳዊ ታሪክ ነው። መሃል ላይ ኩላሊቷ ታመመና እጥበት ጀመረች። «ጽሑፉን ለጊዜው ተዪው ልበላት ወይስ በርቺ ልበላት?» ነው ጥያቄው።

ልጄ፣ ሁለቱንም አትበያት። «ምኑ ላይ ደረስሽ?» ብለሽ ጠይቂያት።

ይህን የምለው እኔም ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ጓደኛ ስለነበረኝ ነው። ሁለታችንም አስተማሪዎች ነበርን። እኔ አማርኛ፣ እሱ ታሪክ። ጡረታው ሲቃረብ ልብ ወለድ ጀመረ፣ የአንድ የቆሎ ተማሪ ታሪክ። ልጁ ከእናቱ ቤት ጠፍቶ ቅኔ ሊቆጥር ዋድላ ይሄዳል።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ረቂቁን ከሁሉ ቀድሜ ያነበብኩት ግን እኔ ነኝ። «አንተ የገባህ ነገር ለሁሉም ይገባል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። መንፈሳዊ ልብ ወለድ የሚጽፉ ሰዎች አንባቢው ሁሉ ዜማ ቤትን ከቅኔ ቤት ለይቶ የሚያውቅ ይመስላቸዋል። ስብከትም ያበዛሉ። ልጁ ውሻ ሲያባርረው፣ አኩፋዳውን ጥሎ ሲሮጥ ገጹን መልቀቅ አይቻልም። ወዲያው ሦስት ገጽ ስብከት ይከተላል። «ይሄን ለእሁድ ተወው» እለዋለሁ። ይስቅና ይሰርዘዋል።

ሁሌ ግን አይሸነፍም። ልጁን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በታንኳ አሻግሮ አስገባው። «ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን እኮ ከየብስ ጋር ተያይዟል፣ በእግር ነው የሚገባው» አልኩት። «አውቃለሁ። ግን በታንኳ ሲገባ ያምርበታል» አለኝ። የታሪክ አስተማሪ እኮ ነው! ታንኳው እስከ መጨረሻው አልወጣም።

ከዚያ ኩላሊቱ ከዳው። ኢትዮጵያ ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ለጋሹ ግን ዘመድ መሆን ነበረበት። ለእሱ የሚስማማ አልተገኘም። የቀረው እጥበት ነው። ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ገደማ ይቆያል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው የሚመከረው፤ የእሱ ኪስ የቻለው ሁለቱን ነው። መርፌው የሚሰካው በግራ እጁ ስለነበር በቀኙ ይጽፋል። ሲደክመው እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

የመጨረሻው ምዕራፍ እንዲህ ነው የተጻፈው። ልጁ አድጎ በጽኑ ይታመማል። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ይወጣል፤ ጸበል ጠጥቶ ይድናል። ይህ ሁሉ በሁለት ገጽ ያልቃል። ችኮላው አላስቀመጠኝም። «ወዳጄ፣ ይሄ ልጅ በጣም ቶሎ ዳነ» አልኩት።

ትንሽ ቆየና «እኔ ስላልዳንኩ እሱም አይዳን?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ፊቴን አይቶ «አብሽር» አለኝ፤ ታማሚው እሱ፣ አጽናኙም እሱ። ምዕራፉ እንዳለ ታተመ። ለጓደኛ ጽሑፍ እውነቱን መናገር ግዴታ ነው ብዬ ዕድሜ ልኬን አስተምሬያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ስለዚያ ምዕራፍ ግን ዝም ብል ይሻል ነበር እንዴ? እንደ አራሚ ካያችሁት አሁንም የተቸኮለ ነው።

የሚቆጨኝ ግን እሱ አይደለም። ምረቃው ነው። የጥሪ ካርዱ ላይ «ለሕክምናው እርዳታ» የሚለው በትልቁ ተጻፈ፤ የመጽሐፉ ርዕስ ከሥሩ። አዳራሹ ሞላ። ቄሱም ሼኩም መረቁ። ተናጋሪዎቹ ሁሉ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ጥንካሬው፣ ስለ ትዕግሥቱ ተናገሩ። ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ያነበበ የለም። ሰው ግን ገዛ፤ አምስትም አሥርም የወሰደ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ «ስለ ኩላሊቴ ብዙ ተባለ። ስለ ልጁስ?» አለኝ።

ቆይቼ አሥር ቅጂ የገዛውን ሰው ፒያሳ አገኘሁት። የቱን ክፍል ወደድከው ብዬ ስጠይቀው «ኧረ እኔ ለእርዳታ ነው የገዛሁት» አለኝ። ክፋት አይደለም። ገንዘቡም ስንት ወር እጥበት ሸፍኗል፣ ውለታው አይካድም። ጓደኛዬ ግን ሁለተኛ መጽሐፍ ሳይጀምር አረፈ፤ አንባቢ ሲጠብቅ።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ይብስባችኋል። ሰው ገና ሲታመም ስልክ ታወጡና ቲክቶክ ላይ ትለጥፉታላችሁ። እያለቀሰ፣ ያለ ፈቃዱ። ገንዘብ እንደሚያመጣ አይቻለሁ፤ ቸግሮኝ ቢሆን እኔም የማደርገው ይመስለኛል። ቢሆንም ደስ አይለኝም።

ሌላ የምነግርሽ ሙዝና ብርቱካን ይዘሽ አትሂጂ። ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ስላለባቸው ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ውሃም ቢሆን በልክ ነው የሚፈቀድላት፤ ስለዚህ «ጠጪ እንጂ» እያልሽ አታስቸግሪያት። ምን እንደሚፈቀድላት ሐኪሟን ጠይቂ። መርፌ የሚሰካበትን እጇን ይዘሽ አትጎትቺ፤ በዚያ እጅ ዕቃም አታሸክሚያት።

መጽሐፉ ሲደርስ ገቢው ለሕክምና ቢውል ጥሩ ነው። ነገር ግን በምረቃው ቀን አንብበው የመጡ ሁለት ሰዎች ፈልጊ፤ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኗ ውጭ ይሁን። ስለ መጽሐፉ ይናገሩ፣ ቢተቹም ይተቹ። ጥሪው ላይ ርዕሱ ከላይ ይሁን።

ጓደኛሽ ፈቃደኛ ከሆነች የመጀመሪያውን ምዕራፍ ላኪልኝ። በስልክ ማንበብ ዓይኔ እምቢ ብሎኛል፤ በወረቀት አሳትመሽ ወደ ደሴ በሚመጣ ሰው ላኪው። መስመሩን ሰፋ አድርጊው፣ እርማት የምጽፍበት ቦታ እፈልጋለሁ።