ለምሳ ይውጣ ብዬ ልፈርም?

ጥያቄ፦ ልጄ ከዚራ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ነው፤ ቤታችን መጋላ ነው። ትምህርት ቤቱ «ወላጅ ከፈረመ ተማሪው ለምሳ ከግቢ መውጣት ይችላል» የሚል ወረቀት ልኮልናል። የምሳ እረፍታቸው ከ6፡15 እስከ 7፡30 ሲሆን፣ አርብ ለጁምዓ ሲባል እስከ 8፡00 ይረዝማል። በእግሩ 25 ደቂቃ ይፈጅበታል። ምሳ ስቋጥርለት ደግሞ «ተበላሽቷል» እያለ ሳይነካው ይመልሰዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (እናት፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ለአርብ ብቻ ይፈርሙ። ለቀሩት አራት ቀናት መስተካከል ያለበት ምሳ ዕቃው ነው።

ደቂቃዎቹን ይቁጠሯቸው። ተማሪው ሁሉ በአንድ በር ሲጋፋ 5 ደቂቃ ይሄዳል። መሄጃ 25፣ መመለሻ 25፣ ታጥቦ ለመብላት ቢያንስ 20። ድምሩ 75፤ እረፍቱ እዚያው አለቀ፣ ያውም በድሬ የቀትር ፀሐይ። ልጁ ይህን በሁለተኛው ቀን ይደርስበትና ቤት መምጣቱን ትቶ ከበሩ ማዶ ሳምቡሳ ገዝቶ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። በርጫ የሚያዘውም በዚያው ሰዓት ገደማ መሆኑን እርስዎም አያጡትም።

አርብ ግን 105 ደቂቃ አለው፣ ይበቃዋል። የደቻቱን ወንዝ ሲሻገር በድልድዩ ይሁን፤ ላሳጥር ብሎ በአሸዋው አይግባ። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። በ1998 ክረምት ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው ይኸው ወንዝ ነው።

ወረቀቱ ላይ «አርብ ብቻ» ብለው በእጅዎ ይጻፉበት። ዳይሬክተሩን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ከምሳ በኋላ ስም ይጠራል? ጠዋት ብቻ የሚጠራ ከሆነ ከሰዓት የቀረውን ልጅ የሚያውቁት በማግስቱ ነው፣ ያውም ካወቁ።

ወደ ምሳ ዕቃው እንምጣ። ልጅዎ «ተበላሽቷል» ያለው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ጠዋት 1፡00 የተቋጠረ ምግብ 6፡15 ሲከፈት ከአምስት ሰዓት በላይ ቆይቷል። የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ካለፈ ከ1 ሰዓት። የከፋው የማታ ሩዝ ነው፤ ውጭ ሲያድር ባክቴሪያው የሚተወው መርዝ ጠዋት ቢያሞቁትም አይጠፋም።

ለሽሮና ለምስር ወጥ አፉ ሰፊ የሆነ ፔርሙዝ ይግዙ፤ ታይዋን ገበያ ይፈልጉ። የፈላ ውሃ ሞልተውበት 10 ደቂቃ ከድነው ያቆዩት። ውሃውን ደፍተው፣ ወጡን እየተንተከተከ እስከ አፉ ይሙሉት፤ ግማሽ ከሆነ ቶሎ ይበርዳል። ለብ ያለ ወጥ ከጨመሩበት ግን ፔርሙዙ ጠላት ነው፤ ባክቴሪያ የሚወደውን ሙቀት ይዞ ያቆይለታል። እንጀራው ለብቻው፣ በደንብ ከበረደ በኋላ ይጠቅለል፤ በትኩሱ ከሆነ አልቦት እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ፔርሙዝ እስኪገኝ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ቆሎና ሙዝ ይበቃል። ማታ አንድ ሃይላንድ ሦስት አራተኛውን ውሃ ሞልተው ፍሪዘር ያስገቡ፤ ጢም ካለ በረዶው ይሰነጥቀዋል። ጠዋት በጨርቅ ጠቅልለው ቦርሳው ውስጥ ይጨምሩለት፤ ለምሳ ቀዝቃዛ ውሃ ይሆነዋል። ሥጋ፣ እንቁላልና ማዮኔዝ ግን አንድ ሃይላንድ በረዶ አያድናቸውም፤ ለእራት ይቆዩለት።