ጥያቄና መልስ፦ የንስሐ አባት እያለኝ የሱሰኞች ስብሰባ ልሂድ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁዳዴን ሙሉ መጠጥ አልቀምስም። ፋሲካ ሌሊት እጀምርና እስከሚቀጥለው ሁዳዴ አላቆምም። ሁለት ጊዜ ተስዬ ሁለቱንም አፍርሻለሁ። ሐኪሜ ኤኤ ወደሚባለው የአልኮል ሱሰኞች ስብሰባ እንድሄድ ነገረኝ። የሚሰበሰቡት ግን በፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። «ከእኛ የሚበልጥ ኃይል» ይላሉ እንጂ ክርስቶስን አይጠሩም። እዚያ ገመናዬን ባወራ ንስሐዬን መናቅ አይሆንብኝም? ሐበሻ ቢያየኝስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሂድ። ዛሬ ማታ ስብሰባ ካለ ዛሬ ማታ ሂድ።

ሁዳዴን እንዴት እንደቻልከው አስበህ ታውቃለህ? ብቻህን ስላልነበርክ ነው። ሚስትህ ትጾማለች፣ ጓደኛህ ይጾማል፣ «ና አንድ እንበል» የሚልህ የለም። ፋሲካ ሲሆን ሁሉም ወደ ቤቱ ይበተናል፤ አንተ ከጠርሙሱ ጋር ትቀራለህ። ሃምሳ አምስቱን ቀን አብሮህ የጾመው ሕዝብ ያደረገልህን፣ በቀረው ጊዜ የሚያደርግልህ ሰው ያስፈልግሃል። ያን ሽባ አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ጣሪያ ነድለው ጌታ ፊት አወረዱት። የፈወሰው ጌታ ነው። የተሸከሙት ግን ሰዎች ናቸው።

ኤኤ የተጀመረው በ1935 አክሮን ኦሃዮ ውስጥ ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል ሰው ከኒውዮርክ ለሥራ ሄዶ አልተሳካለትም። ሆቴሉ ውስጥ ቆሞ ወደ ባሩ መግባት ሲያምረው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ስልክ መታ። የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ እንዲያገናኙት ነበር የፈለገው። በዚህ ሰበብ ከሐኪሙ ከቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኙ። የመጀመሪያዎቹ አባላት አብዝተው ከሚያነቧቸው መጻሕፍት አንዱ የያዕቆብ መልእክት ነበር። «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ፤ ትፈወሱም ዘንድ እያንዳንዱ ስለ ሌላው ይጸልይ» የሚለው እዚያ ነው።

«ከእኛ የሚበልጥ ኃይል» የሚሉት የማያምነውም ሰው በሩ እንዳይዘጋበት ብለው ነው። የክርስቶስን ስም ከአፍህ የሚነጥቅህ የለም። ስትገባ አማትብና ግባ። ምድር ቤቱም የተከራዩት ወይም የተፈቀደላቸው አዳራሽ ነው እንጂ ስብሰባው የዚያ ቤተ እምነት ጉባኤ አይደለም።

ንስሐን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አትቀላቅል። ሥልጣነ ክህነት ያለው የንስሐ አባትህ ነው፤ «ይፍታህ» የሚልህ እሱ ነው። ስብሰባው ላይ የምትናገረው መጠጥ ምን እንዳደረገህ ነው። ኤኤ ከመጠጥ ለመላቀቅ ከሚያስኬድባቸው አሥራ ሁለት ደረጃዎች አምስተኛው በደልህን ለአንድ ሰው በዝርዝር እንድትናገር ይጠይቃል። እሱን ለንስሐ አባትህ አድርገው፤ ለካህን መናገርን አይከለክሉም።

አንድ ጊዜ አንድ ወንድምን አጅቤ ሄጃለሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥን፤ ቁልፉን ጨብጦ አልወርድም አለ። ውስጥ ተጣጣፊ ወንበሮች፣ ቡና፣ ሠራተኛም ጠበቃም የሚመስል ሰው ነበር። ተራው ሲደርስ «ዛሬ ላዳምጥ ነው የመጣሁት» አለ፤ ማንም አልገፋፋውም። ሲወጣ አንድ ሽማግሌ ስልኩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጠውና «ከመጠጣትህ በፊት ደውል፤ ከጠጣህ በኋላ አይደለም» አለው። የመጀመሪያ ቀን የምትሰጠውን ሳንቲም መሰል ነገር መቁጠሪያውን በያዘበት ኪስ ከተታት።

ሐበሻ ቢያየኝ ትላለህ። ስትጠጣ ያየህን አልፈራኸውም፤ ልትድን ስትሄድ የሚያይህን ለምን ትፈራለህ? እዚያ የሚያይህም ብዙ ጊዜ ያንተው ሕመም ያለበት ነው። የአባት ስም አይጠየቅም፣ ክፍያ የለም፣ መጠጥ ለማቆም መፈለግህ ብቻ ይበቃል። በጣም ካፈርክ በዙም ከሚደረጉት ጀምር። ሚቲንግ ጋይድ የሚባለው አፕ በአካባቢህ ያሉትን ከነሰዓታቸው ያሳይሃል። የመጀመሪያው ካልተመቸህ ሌላ ሞክር፤ ስብሰባ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ባለቤትህም አል አኖን የሚባል፣ ለጠጪ ቤተሰቦች የተቋቋመ የራሷ ስብሰባ አላት።

ይህንን ግን አደራ፦ በየቀኑ በብዛት የምትጠጣ ከሆነ በድንገት አታቁም። መንቀጥቀጥ፣ ቅዠት፣ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። ጠበል ከመግባትህ በፊትም ቢሆን ለሐኪምህ ንገረው። ሲራክ ሐኪምን አክብር ያለው እኮ በእኛው መጽሐፍ ነው።

የጽዋ ማኅበር ካለህ ለማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ለመሪው፣ አስቀድመህ ንገረው፤ ያንተ ጽዋ ውሃ ይሁን። «ቅራሪ ምን አላት» የሚልህን አትስማ። ከቅዱስ ቁርባን ግን በዚህ ምክንያት አትሽሽ። የእኛ ወይን ዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ እንጂ የቦካ አይደለም።

ለመጀመሪያው ቀን ሰው ከፈለግህ ጻፍልኝ። ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ከሆነ አጠገብህ እቀመጣለሁ፤ ለሱሰኞች ብቻ ከሆነ መኪና ውስጥ እጠብቅሃለሁ።