የመካኒካል ድሮዊንግ ጥያቄና መልስ፦ ልኬት፣ ቶለራንስ፣ ኅትመት

ጥያቄ፦ አንድ ፕሌት ላይ 5 ቀዳዳ በመደዳ አለኝ። ከጠርዙ እስከ መጀመሪያው፣ ከዚያም በየመሃላቸው 40 ሚ.ሜ፣ ቶለራንሱን (የተፈቀደውን መዛነፍ) ± 0.1 ብዬ ሰጠሁ። ወርክሾፑ ሁሉንም በልኩ አውጥቶታል፤ 5ኛው ግን አልገጥም አለ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የድሮዊንጉ። ልኬቶቹ በሰንሰለት ስለተያያዙ ስህተቱ እየተደመረ ሄዶ 5ኛው ላይ ± 0.5 ሊደርስ ይችላል፤ ማሽኒስቱ ከተፈቀደለት አልወጣም። ሁሉንም ከአንድ ጠርዝ ስጥ፦ 40፣ 80፣ 120፣ 160፣ 200፣ እያንዳንዳቸው ± 0.1። ይህም የራሱ ጣጣ አለው፤ አሁን በሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት እስከ ± 0.2 ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ ሲገጣጠም ምኑ ከምኑ ጋር እንደሚገናኝ አስቀድመህ እይ። ተጓዳኙ ክፍል የሚታሰረው በቀዳዳዎቹ ብቻ ከሆነና ጠርዙ ምንም የማይነካ ከሆነ፣ መነሻህ 1ኛው ቀዳዳ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም ዓይነት ልኬት ብሰጥስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሲጋጩበት ማሽኒስቱ የመሰለውን ይመርጣል። ለመረጃ ያህል ከፈለግኸው ቁጥሩን በቅንፍ፣ ያለ ቶለራንስ ጻፈው።

ጥያቄ፦ ለጥንቃቄ ሁሉም ላይ ± 0.02 ባደርግስ?

መልስ፦ ሥራው ይወደዳል፤ ይባስ ብሎ የትኛው ልኬት ወሳኝ እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። 20 ኤች7 (የቀዳዳ ቶለራንስ ምልክት ነው)፣ ማለትም ከ20.000 እስከ 20.021፣ ፒን በልኩ ለሚገባበት ቀዳዳ ተገቢ ነው። ምንም ለማይነካ ጠርዝ ግን ታይትል ብሎኩ (የድሮዊንጉ መረጃ የሚሞላበት ሰንጠረዥ) ላይ የሚጻፈው ጠቅላላ ቶለራንስ ይበቃዋል፤ በአይኤስኦ 2768 መካከለኛ ደረጃ፣ ከ30 በላይ እስከ 120 ሚ.ሜ ላለ ልኬት ± 0.3 ነው።

ጥያቄ፦ ወዲያ ማዶ ለማያልፍ ቀዳዳ «ኤም8 (የ8 ሚ.ሜ ብሎን ጥርስ)፣ ጥልቀት 16» ብል ይበቃል?

መልስ፦ 16ቱ የጥርሱ ነው ወይስ የፑንታው? የታፕ (ቀዳዳው ውስጥ ጥርስ የሚያወጣው መሣሪያ) ጫፍ ሾጣጣ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 5 ጥርሶቹ ሙሉ አይቆርጡም። ፑንታውም 16 ላይ ከቆመ ታፑ ታች ነክቶ ይሰበራል፤ የተሰበረ ታፕ ማውጣት ደግሞ ክፍሉን እንደ አዲስ ከመሥራት ሊብስ ይችላል። «6.8 ፑንታ፣ ጥልቀት 22፤ ኤም8 ሙሉ ጥርስ 16» በል። 22ቱ ፑንታው ከታች የሚተወውን ሾጣጣ አይጨምርም።

ጥያቄ፦ የኤ1 ድሮዊንግ በኤ3 ሳትም ጽሑፉ አልነበብ አለ።

መልስ፦ በግማሽ ስለሚያንስ 3.5 ሚ.ሜ የነበረው ፊደል 1.75 ይሆናል። በኤ3 እንደሚታተም ካወቅህ ከመነሻው 7 አድርገው። «1:10» የሚለውም እዚያ 1:20 ሆኗል፤ የስኬል ባር ሣልበት፣ እሱ አብሮ ያንሳል።

ጥያቄ፦ የላክሁት ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ባስተካክል ሪቪዥን (የድሮዊንጉን የእርማት ፊደል) ልቀይር?

መልስ፦ አዎ፣ አንድም ቢሆን። ያለዚያ ሁለት የማይመሳሰሉ «ሪቪዥን ቢ» ወርክሾፑ ውስጥ ይዞራሉ።