መልስ፦ የኤምአርአይ ሲዲ ስንት ዓመት ይቆያል?

የእናትህ ኤምአርአይ ያለበት ሲዲ ለዓመታት ይቆይ እንደሆነና ሌላ ሰው እንዳያየው ምን ማድረግ እንዳለብህ ጠይቀሃል። በሲዲው ብቻ አትተማመን። ሲዲ-አር (እንዲህ ያለ ምስል ተቀድቶ የሚሰጥበት የሲዲ ዓይነት) መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንብርብር ላይ ነው፣ ፀሐይና ሙቀት ደግሞ ያንን ቀለም ቀስ በቀስ ያበላሹታል፤ ስለዚህ መኪና ውስጥ ወይም መስኮት ዳር አታስቀምጠው። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ጎን ነው። ደካማው ግን ጽሑፍ ያለበት የላይኛው ጎን ነው፣ መረጃው ከስስ ሽፋን ሥር ስለሆነ እስክሪብቶ ጫን ብለህ ከጻፍክበት አለቀለት። ስቲከርም አትለጥፍበት። ዲቪዲ በዚህ በኩል ይሻላል፣ ንብርብሩ በሁለት ፕላስቲኮች መሃል ነው።

ዛሬውኑ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው፣ ሌላም ቦታ አንድ ኮፒ ይኑርህ። ስትገለብጥ ሙሉውን ነው፤ ዳይኮምዲር (DICOMDIR) የሚለውን ፋይል "ይሄ ምን ያደርጋል" ብለህ እንዳትተወው፣ ምስሎቹን በቅደም ተከተል የሚያወጣው እሱ ነው። ስክሪንሾት አይበቃም፤ ሐኪሙ ብርሃኑን እያስተካከለ ማየትና መለካት የሚችለው በዋናው ፋይል ነው። ከዚያ ኮፒውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ አረጋግጥ።

ምስጢሩን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለ ሲዲ ብዙ ጊዜ ፓስዎርድ የለውም። ስሟና የልደት ቀኗ ደግሞ ምስሉ ፋይል ውስጥ ተጽፏል፣ የፋይሉን ስም ብትቀይረውም አይጠፋም። ኮፒውን ቬራክሪፕት (VeraCrypt) በሚባለው ፋይል በፓስዎርድ የሚቆልፍ ፕሮግራም ቆልፈው፣ ፓስዎርዱን ከረሳህ ግን ማንም አያወጣልህም። የማትፈልገውን ሲዲ ዝም ብለህ አትጣል፣ በመቀስ ቆራርጠው።